ፊዚክስ በክረምት

ሰኔ ሲያልቅ የደምበጫ ገበሬ ሞፈር ቀንበሩን ይዞ ወደ ማሳው ሲወርድ፣ እኛ የዲፕሎማ መምህራን ፍራሻችንን ጠቅልለን ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ዶርም እንሄዳለን። ወደ ዲግሪ ለማሻሻል። ያውም በፊዚክስ! መደበኛው ተማሪ በወራት የሚያብላላውን ኮርስ እኛን በሳምንታት ያጎርሱናል። በጋውን ደግሞ ሞጁል ማንበብ ነው፤ እሱም ፈተና ታርሞ ሲያልቅ፣ መብራት ካለ።

ቴርሞዳይናሚክስ ላይ ግን አልተቸገርኩም። ያደግኩት አረቄ በሚወጣበት ጓዳ ነው። እናቴ የዳጉሳውን ድፍድፍ ጥዳ፣ መጋጠሚያውን መርጋ፣ መቀበያው የተቀመጠበትን ውኃ በእጇ እየነካች ትፈትሻለች፤ ሞቅ ካለ ትቀይረዋለች። አልኮል 78፣ ውኃ 100 ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ፣ በደምበጫ ከፍታ ደግሞ ውኃው 93 ገደማ ላይ እንደሚንተከተክ ስንማር ሌላው ይጽፋል፤ ለእኔ የታየኝ የእናቴ እጅ ነው። እሳቱን ለምን እንደምትቀንስም ያኔ ገባኝ። ከበዛ ውኃው አብሮ ይተናል፣ አረቄው ይቀጥናል።

አንስታይንም በ1905 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጽሑፉን ለዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሲያስገባ በርን ከተማ የፈጠራ መብት ቢሮ ተቀጣሪ ነበር። ራሴን ማወዳደሬ አይደለም ጎበዝ፤ ደመወዝ እየበሉ መማር በእኛ አልተጀመረም ለማለት ያህል ነው። እሱ ግን የ8ኛ ክፍል ደብተር አላረመም።

ለማንኛውም ዘንድሮ የምትመዘገቡ ካላችሁ ካልኩለሱን ቀድማችሁ ከልሱ። ብዙውን ሰው የሚጥለው እሱ ነው፣ ፊዚክሱ አይደለም።