ስለ 48 ሰዓት

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል የአገራችን ሰው። የሕግ ተማሪ ሳለሁ ስለ ሕገ መንግሥት ብዙ አነበብሁ፤ ነገር ግን ከዚህ ተረት የሚበልጥ ትርጓሜ አላገኘሁም።

በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከዳኛ ፊት እንዲቀርብ ያዝዝ ነበር። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ይኸው ሕግ ታገደ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በ1987 ዓ.ም. የወጣውም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ያንኑ 48 ሰዓት፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቈጠር፣ መልሶ ጻፈው።

የእኔም ጥብቅና ይህን ሰዓት መቍጠር ሆነ። አንዲት እናት «ልጄ ከታሰረ አምስት ቀኑ ነው» ብላ ስትመጣ፣ የተያዘበትን ሰዓት ጠይቄ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ እጽፋለሁ። አንዳንድ ወዳጆቼ «ለዚያ ክፉ ሰው ለምን ትቆማለህ?» ይሉኛል። ክፋቱን የሚመዝነው ግን ዳኛ ነው እንጂ ያሰረው አይደለም።

አንባቢ ሆይ፤ ጠላትህም ሲታሰር ሰዓቱን ቍጠርለት። ለእርሱ ያልተቈጠረ ሰዓት ላንተም አይቈጠርምና።