ጉርሻ ለጥንቸል

ጥንቸል አፏ ሥር የቀረበላትን ቅጠል አታየውም። ዓይኖቿ ከራሷ ግራና ቀኝ ከፍ ብለው ስለተቀመጡ፣ ከኋላዋ የሚያደባውንም ከላይ የሚያንዣብበውንም አንገቷን ሳታዞር ትቃኛለች፤ ከአፍንጫዋ ፊት ያለችው ጠባብ ቦታ ግን ተሰውራባታለች። የድንብላል ቅጠል ይዤ እጄን ሳቀርብላት ጥንቸሌ ዳማ መጀመሪያ ጢሟን ትዘረጋለች፤ ከዚያ አፍንጫዋ ይርገበገባል፤ በመጨረሻ ከንፈሯ ጣቴንና ቅጠሉን በዳሰሳ ይለያል። ትምህርታችን ሁሉ የቆመው በዚህች ጉርሻ ላይ ነው።

ዳማ ስሟን ያገኘችው ከመልኳ ነው። የምታውቃቸው ጨዋታዎች ጥቂት ናቸው፦ ስሟ ሲጠራ መምጣት፣ ባለችበት አንድ ዙር መሽከርከር፣ በኋላ እግሮቿ መቆም፣ መሬት ለመሬት የተጋደመ የመጥረጊያ እንጨት መዝለል። ፎቁ ላይ አብረውን የሚኖሩ እናት ይህን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ይቺ እኮ በጥላዋ የምትደነግጥ ፍጥረት ናት፤ ምን ብለሽ ነው የምታስተምሪያት?» አሉኝ። ከሚከትፉት ጎመን ቅጠል ቆርሰው ከራሷ በላይ ከፍ አድርገው እንዲይዙላት ለመንኳቸው። ዳማ ቀስ ብላ ተነሳች፤ የፊት እጆቿን ደረቷ ላይ ሰብስባ ቆመች፤ ቅጠሉን ወሰደች። «እናትዬ፣ ልሙትልሽ!» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ጎመን ሲገዙ የዳር የዳሩን ቅጠል አይጥሉትም።

ስለ ፍርሃቷ የተናገሩት ግን እውነት ነው፤ ነገሩ ሁሉ ያለውም እዚያ ላይ ነው። ውሻ የአዳኝ ዘር ነው፤ ጥንቸል የታዳኝ። የቤት ጥንቸል የዘር ግንዷ ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር ነው፤ እዚያ ብዙ ሆነው በጋራ በቆፈሩት ጉድጓድ ይኖራሉ፤ አንዷ አደጋ ስታይ በኋላ እግሯ መሬቱን ትመታለች፣ ሌሎቹ ሰምተው ወደ ጉድጓድ ይገባሉ። በባሌ ተራራዎች ቀይ ቀበሮ አልፎ አልፎ የሚያድናት የእኛ ደገኛ ጥንቸል ሌላ ዘር ናት። ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ልጆቿ ጠጉር አብቅለውና ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ፤ ኑሮዋም በአመዛኙ ለብቻ ነው። የዳማ ወገኖች ግን ዕርቃናቸውንና ዓይናቸው ሳይገለጥ ጉድጓድ ውስጥ ተወልደው እርስ በርስ ተጠባብቀው የሚያድጉ ናቸው። የሌላውን ሁኔታ እያዩ መኖር የለመደ ፍጥረት የሰውንም እጅ ሊለምድ የሚችል ይመስለኛል።

ይህን ልምድ ጩኸትና ቁጣ ያፈርሱታል። ውሻ ከተቆጡት በኋላ ጭራውን እየቆላ ለዕርቅ ይመጣል። ጥንቸል ያስፈራራትን እጅ ትሸሸዋለች፤ አልጋ ሥር ትገባለች፤ ዳግም ለማቅረብ ረጅም ትዕግሥት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥንቸል በዱላ ሠልጥና አታውቅም፤ ልትሠለጥንም አትችልም። ካልፈለገች አትመጣም፤ እኔ ደግሞ እንድትመጣ ከማድረግ እንድትፈልግ ማድረጉን እመርጣለሁ።

መሽከርከርን እንዲህ ነው የለመደችው። ቅጠሉን ከአፍንጫዋ አጠገብ ይዤ በዝግታ ክብ እሠራለሁ፤ ሽታውን ተከትላ ትዞራለች፤ ዙሩን በጨረሰችበት ቅጽበት በምላሴ ላንቃዬን መታ አደርጋለሁ፤ ወዲያው ቅጠሉን እሰጣታለሁ። ያቺ ድምፅ ትልቅ ጥቅም አላት። ቅጠሉ እስኪደርስ ዳማ ጆሮዋን ልታክክ ወይም ወለሉን ልታሸት ትችላለች፤ ያኔ የተሸለመችው ለማከኳ ይመስላታል። ድምፅዋ ግን ትክክለኛውን ቅጽበት ለይታ ትነግራታለች።

ይህ ዘዴ የኔ አይደለም። ኬለር እና ማሪያን ብሬላንድ የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት፣ የሥነ ልቦና ሊቁ የቢ ኤፍ ስኪነር ተማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንስሳትን በድምፅ ምልክትና በምግብ ማሠልጠንን መተዳደሪያቸው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1955 በአርካንሶ ግዛት፣ ሆት ስፕሪንግስ ከተማ፣ «አይ ኪው ዙ» የተባለ የትርኢት ቤት ከፈቱ። ዶሮዎች፣ አሳሞች፣ ጥንቸሎችም በትርኢታቸው ነበሩበት። እኔን የሚማርከኝ ግን የተሳካላቸው ሳይሆን ያልተሳካላቸው ነው፤ እነሱም ሳይደብቁ እ.ኤ.አ. በ1961 ጽፈውታል። ራኩን የሚባለውን እንስሳ ሳንቲም አንሥቶ ሣጥን ውስጥ እንዲጥል አሠለጠኑት፤ ሁለት ሳንቲም ሲሰጡት ግን ምግብ እንደሚያጥብ ሁሉ እርስ በርስ እያሻሸ አልለቅም አለ። አሳማውም የእንጨት ሳንቲሙን ተሸክሞ ማድረሱን ትቶ በአፍንጫው መሬት ለመሬት ይገፋው ጀመር። ሁለቱም ቀስ በቀስ የተማሩትን እየተዉ የወገናቸውን ጠባይ ያዙ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዬ «ዳማን ምን ላስተምራት?» መሆኑ ቀረና «ዳማ ሳትማር ምን ታደርጋለች?» ሆነ። በኋላ እግር መቆም ሣር ለበዛበት ሜዳ የሚጠቅም ቅኝት ነው፤ እኔ የጨመርኩበት ቅጠሉን ብቻ ነው። ከጨርቅ በተሠራ ቱቦ ውስጥ መሹለክ የጉድጓድ ኑሮዋ ነው። ኳስ በአፍንጫ መግፋት መንገድ የዘጋባትን ማንኛውንም ነገር የምታስወግድበት መንገድ ነው፤ ጠዋት መጋረጃው ሥር ስቆም ቁርጭምጭሚቴንም እንዲሁ ትገፋዋለች። አገጯን የወንበር እግር ላይ ማሸትም አለ፤ ከአገጯ ሥር ሽታ የሚያመነጭ ዕጢ ስላላት ወንበሩ የሷ መሆኑን እየፈረመች ነው። እሱን ግን ወደ ጨዋታ ልለውጠው አልፈለግሁም፤ የራሷ ጉዳይ ነው።

ትምህርት የሚሆናት ማለዳና ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው። እኩለ ቀን ላይ እግሯን ዘርግታ ትተኛለች፤ ያኔ መቀስቀስ አግባብ አይደለም። በሰዓቱም ቢሆን መጀመሪያ ጆሮዎቿን አያለሁ። ሁለቱ ጆሮዎች ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንዱ ወደ እኔ ሆኖ ሌላው ወደ ደረጃው ከዞረ ልቧ ደረጃው ላይ ነው፤ እጠብቃለሁ። ሁለቱም ወደ እኔ ሲመለሱ እንጀምራለን። ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጥፋ ጀርባዋን ከሰጠችኝ የዕለቱ ትምህርት አበቃ።

ጉርሻው ትንሽ መሆን አለበት። የጥንቸል ዋና ምግቧ ድርቆሽ ነው፤ ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ የሚሞርደው እሱ ነው፤ አንጀቷንም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ጥንቸልና ካሮትን አንድ ላይ አድርጎ የሚሥለው ሁሉ አይነግረንም እንጂ ካሮት ስኳር አለው፤ ሙዝማ የበለጠ። የድንብላል ወይም የበሶብላ ቅጠል ይበቃል፤ ሙዝ ከሆነ ደግሞ የጥፍር ያህል፣ ያውም አልፎ አልፎ። ወለሉም ይታሰብበት። የጥንቸል መዳፍ እንደ ድመት ለስላሳ ሥጋ የለውም፤ በጠጉር የተሸፈነ ስለሆነ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። ለዝላይ ምንጣፍ ያስፈልጋል።

ስለ ዝላይ ከተነሣ ስዊድናውያን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፈረስ ዝላይን አይተው ለጥንቸል ውድድር አቋቋሙ፤ ካኒንሆፕ ይሉታል። በዴንማርክ አንዲት ጥንቸል እ.ኤ.አ. በ1997 99.5 ሴንቲሜትር ከፍታ ዘልላለች፤ ሌላዋ በ1999 በርዝመት 3 ሜትር። የእህቴ ልጅ ይህን ከሰማች ወዲህ፣ «አክስቴ፣ እንጨቱን ለምን ከፍ አታደርጊውም?» ትለኛለች። ዳማ ዕድሜዋ ገፋ ብሏልና እንጨቱ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።

አንድ «ጨዋታ» ግን ከነአካቴው እንዲቀር እለምናለሁ። ጥንቸልን በጀርባዋ ያጋድሟታል፤ ትደነዝዛለች፤ ዓይኗ ፈጥጦ አትንቀሳቀስም፤ ከበው «ተኛች፣ ደስ አላት» ይላሉ። አልተኛችም። በአውሬ የተያዘ ታዳኝ በመጨረሻው ሰዓት የሚያደርገው የሞት መምሰል ነው፤ የእንስሳት ጠባይ አጥኚዎችም የጭንቀት እንጂ የዕረፍት ምልክት አለመሆኑን አረጋግጠዋል። ከመሬት ማንሣትም ቢሆን ለሷ ከጭልፊት ጥፍር አይለይም። አጥንቷ ስስ፣ የኋላ እግሯ ጡንቻ ግን ኃይለኛ ስለሆነ፣ ያለ ደጋፊ ተይዛ ብትራገጥ የገዛ አከርካሪዋን ልትሰብር ትችላለች። ልጆች እንዲያቅፏት ከመፍቀድ ወለል ላይ ተቀምጠው እንዲጠብቋት አደርጋለሁ። ሲሰለቻቸው ትመጣለች፤ አንዳንዴ ጭናቸው ላይ ትወጣለች።

እዚህ አገር ለጥንቸል አንድ መልካም ነገር አለ። በኦርቶዶክስ ቤት ሥጋዋ አይበላም፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሰኮናዋ አልተሰነጠቀም ብሎ ከልክሏታልና። ለበዓል ለተገዛ በግ ስም አውጥቶ ሣር ሲያበላው የሰነበተ ልጅ የዋዜማውን ሐዘን ያውቀዋል። ዳማን የለመዱ ልጆች ፋሲካ ሲቃረብ የሚሰጉት ነገር የለም።

ከጨዋታዎቿ ሁሉ የምኮራበት ተመልካች የማያጨበጭብለት ነው፤ በራሷ እግር ካርቶን ውስጥ መግባት። ወደ እንስሳት ሐኪም ስትሄድ ከአልጋ ሥር ተጎትታ መውጣት የለባትም ብዬ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ ክዳኑ የተከፈተ ካርቶን ድርቆሽ ተነጥፎበት ሳሎን ዋለ፤ አሸተተችው፤ ጠርዙን ነከሰችው፤ አገጯን አሸችበት። ቀጥሎ በምላሴ ድምፅ ሳሰማት ቅጠሉን ውስጡ ታገኘው ጀመር። ከዚያ ክዳኑን ለአፍታ መዝጋትና ወዲያው መክፈት፣ ከዚያ ትንሽ ማንሣት፣ ከዚያ ይዞ እስከ በር ደርሶ መመለስ። ስትወጣ አንዳንዴ አየር ላይ ተጠማዝዛ ትዘላለች፤ ጥንቸል ደስ ሲላት የምታደርገው ነው፤ ማንም አላስተማራትም። ካርቶን ይዞ ደረጃ መውረድ ገና ይቀረናል፤ ከላይ ፎቅ እየሮጡ የሚወርዱትን ልጆች እኛ ስንወጣ ቀስ እንዲሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል።