ብሃክቲ፤ በፍቅር የሚኬድ መንገድ

የሰው ልጅ አካሉ ሳያስበው ያድጋል፤ ምግብና ዕንቅልፍ እስካገኘ ድረስ ቁመቱ ይጨምራል። የመንፈስ ዕድገት ግን እንዲህ በራሱ የሚመጣ አይደለም። ብዙ መጻሕፍት አንብቦ፥ ከፍ ካለ ሹመት ደርሶ፥ ጠጉሩም ሸብቶ ሳለ፥ በትዕግሥትና በርኅራኄ ረገድ ገና ሕፃን ሆኖ የሚገኝ ሰው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በየአገሩ የነበሩ አስተዋዮች፥ ሰው ውስጡን የሚያሳድገው በምን መንገድ ነው ብለው ሲጠይቁ ኖረዋል። የሕንድ አገር ሂንዱዎች ለዚህ ጥያቄ ከሰጧቸው መልሶች አንዱ ብሃክቲ ይባላል።

ይህን ቃል አስቀድሜ በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። ትርጉሙን በሰው ሕይወት ላይ ያየሁት ግን ለትምህርት በሄድሁባት በፑኔ ከተማ፥ ከአንድ ጡረተኛ የባቡር ሐዲድ ጸሐፊ ቤት ተከራይቼ በተቀመጥሁበት ጊዜ ነው። ስለ እሳቸው ከመናገሬ በፊት ነገሩ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መግለጽ ይገባኛል።

ብሃክቲ የሚለው የሳንስክሪት ቃል በተለምዶ አምልኮ ወይም ፍቅር ተብሎ ይተረጐማል፤ ሥሩ ግን መካፈልንና ድርሻ መያዝን ያመለክታል። እንግዲህ ብሃክቲ ማለት አምላክን ከሩቅ መፍራት ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ሕይወትን መካፈል ማለት ነው። ባጋቫድ ጊታ የተባለው መጽሐፋቸው የዕውቀትን፥ የሥራንና የፍቅርን መንገድ ያስተምራል። የዕውቀት መንገድ ጊዜና መምህር ይፈልጋል፤ የፍቅር መንገድ ግን ድኻውንም ባለጸጋውንም እኩል ይቀበላል፤ በፍቅር እስከ ቀረበ ድረስ ቅጠልም ሆነ አበባ፥ ፍሬም ሆነ ውኃ የተወደደ መሥዋዕት ነውና። ባጋቫታ ፑራና የተባለው ሌላው መጽሐፍ ደግሞ ይህን ፍቅር በዘጠኝ ይከፍለዋል፤ ይኸውም ስለ አምላክ መስማት፥ ስሙን በዜማ መጥራት፥ እርሱን ማሰብ፥ እግሩን ማገልገል፥ በሥርዓት ማምለክ፥ መስገድ፥ እንደ አገልጋይ መታዘዝ፥ እንደ ወዳጅ መቅረብ፥ በመጨረሻም ራስን ፈጽሞ መስጠት ነው። ዝርዝሩን ልብ ብሎ ለተመለከተው፥ ከጆሮ ተነሥቶ ወደ ሁለንተና የሚደርስ ጕዞ ነው።

ፑኔ ባለችበት በማሃራሽትራ አገር የብዙ ሰው ፍቅር የሚያተኩረው በፓንዳርፑር ከተማ በሚገኘው በቪቶባ ላይ ነው። ቪቶባ የቪሽኑ አንድ መልክ ነው ይሉታል፤ ምስሉም ሁለት እጆቹን በወገቡ ላይ አድርጎ በጡብ ላይ ቆሞ ይታያል። ስለ ጡቡ እንዲህ ተብሎ ይተረካል። ፑንዳሊክ የሚባል ሰው አባትና እናቱን በማገልገል ላይ ሳለ አምላኩ ሊጐበኘው መጣ። ፑንዳሊክ ግን የወላጆቹን አገልግሎት ሳልጨርስ አልነሣም ብሎ፥ እንግዳው የሚቆምበት አንድ ጡብ ወረወረለት። አምላኩም አልተቆጣም፤ በጡቡ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ እስከ ዛሬም በዚያው ቆሟል ይላሉ። ከዚህ ተረት እንደምንረዳው፥ ብሃክቲ ለቤት ግዴታ ማምለጫ አይሆንም፤ ግዴታው ራሱ ከአምልኮ ይቈጠራል።

ይህ ትምህርት ወደ ሕዝቡ የወረደው በሕዝቡ ቋንቋ ስለ ተነገረ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1290 ዓ.ም. ድንያኔሽዋር የተባለው ወጣት ሊቅ የባጋቫድ ጊታን ትርጓሜ በሳንስክሪት ሳይሆን በማራቲ ቋንቋ በግጥም አቀረበው። ከዚያም በኋላ ብዙዎች ተከተሉ። በሰው ቤት አገልጋይ የነበረችው ጃናባይ እህል ስትፈጭ ትዘምር ነበር፤ ቪቶባም ወፍጮውን አብሮአት ያዞር ነበር ተብሎ ይተረካል። በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረው ቱካራም ደግሞ በዴሁ መንደር ነጋዴ ነበረ። ከ1630 እስከ 1632 በደረሰው ታላቅ ረኀብ ሚስቱ ሞተች፤ ንግዱም ጠፋ። እንደሚተረከው፥ ሰዎች ለአባቱ የነበረባቸውን ዕዳ የሚያስረዳውን ሰነድ ከወንድሙ ጋር እኩል ተካፍሎ፥ የራሱን ድርሻ ኢንድራያኒ ከተባለው ወንዝ ጨመረው። የሰው ዕዳ በእጁ እንዳለ ሆኖ በነጻነት መዘመር አልሆነለትም ማለት ነው።

በየዓመቱ በሰኔና በሐምሌ፥ እንደ እኛ አገር ሁሉ እዚያም ዝናሙ በሚበረታበት ወራት፥ የድንያኔሽዋር የእግር ጫማ ምሳሌ ከአላንዲ፥ የቱካራምም ከዴሁ፥ በበሬ በሚሳብ ሠረገላ ወደ ፓንዳርፑር ይሄዳል። መንገዱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ሴቶች የበሶብላ ዘመድ የሆነውን የቱልሲን ተክል በራሳቸው ተሸክመው፥ ወንዶችም ከበሮ እየመቱ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በእግሩ ይጓዛል። እርስ በርሳቸውም ማውሊ፥ ማለት እናቴ፥ እያሉ ይጠራራሉ፤ አንዱ ለሌላው እግር ይጐነበሳል።

ያከራዩኝ ሽማግሌ ከዚህ ጕዞ በዓመት አንድ ጊዜ አይቀሩም ነበር። ሚስታቸው እንደ ነገሩኝ፥ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በአባታቸው ቤት ውርስ ተካሰው ብዙ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። አንድ ዓመት ሽማግሌው ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ ሲመለሱ፥ «አባቴ፥ ይህን ያህል መንገድ በእግር መሄድዎ ምን ጠቀመዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ልጄ፥ በመጀመሪያው ዓመት በወንድሜ ላይ የነበረኝን ቍጣ እስከ ፓንዳርፑር ተሸክሜው ሄድሁ፤ ተሸክሜውም ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ ግን በየዓመቱ ቀደም ብዬ አስቀምጠዋለሁ። ዘንድሮ ጄጁሪ ላይ ተውሁት» አሉኝ። ጄጁሪ ከፑኔ የጥቂት ቀን መንገድ ናት። «እንግዲያውስ ታረቃችሁ?» ብላቸው፥ «ገና ነው፤ ቤቱ ከዚህ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ለእኔ ግን ከፓንዳርፑር ይልቅ ይርቃል» ብለው መለሱልኝ።

በዚያው ዓመት በዲዋሊ በዓል ማታ ሽማግሌው አንድ ሳህን ጣፋጭ በነጠላ ሸፍነው ሲወጡ አየሁ። ብዙ ቆይተው ሳህኑን ባዶውን ይዘው ተመለሱ። ወንድማማቾቹ ምን እንደ ተባባሉ አልጠየቅሁም።

ይሁን እንጂ የፍቅርን መዝሙር የሚዘምር ሁሉ ፍቅርን ይፈጽማል ማለት አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቾካሜላ ከቪቶባ ታላላቅ ዘማሪዎች አንዱ ሳለ፥ ዝቅተኛ ከሚባል ወገን በመወለዱ ወደ ቤተ መቅደሱ መግባት ተከልክሎ ነበር፤ መቃብሩም በደጁ ላይ ይገኛል። ሕዝቡ መዝሙሩን ሲዘምር ወገኖቹ ብዙ መቶ ዓመታት በውጭ ቆሙ። በመጨረሻ በ1947፥ ሕንድ ነጻነቷን ባገኘችበት ዓመት፥ ሳኔ ጉሩጂ የተባለው መምህርና ደራሲ በሩ ለሁሉ እንዲከፈት በፓንዳርፑር የረኀብ አድማ አደረገ፤ በሩም ተከፈተ። ይህ ታሪክ የብሃክቲን መመዘኛ በግልጥ ያሳያል። አምልኮው የአምላኪውን ትዕቢት እስካልነካ ድረስ፥ መዝሙሩ ቢያምርም ሰውየው ባለበት ቆሟል።

የየራሱ ሃይማኖት ያለው አንባቢ ከዚህ ነገር የሚወስደው፥ የሌላውን ሥርዓት ሳይሆን ራሱን የሚጠይቅበትን ጥያቄ ነው። ጸሎቴ ወይም ዜማዬ ካለቀ በኋላ ከማን ጋር የነበረኝ ቍጣ ቀነሰ? ባለ ሥልጣን ከሆንሁ፥ ጉዳዩን ይዞ በደጄ የቆመውን ሰው እንዴት ተቀበልሁት? መምህር ከሆንሁ፥ ትምህርት የከበደውን ተማሪ በምን ዓይን አየሁት? ልጅ ከሆንሁስ፥ ለደከሙ ወላጆቼ ምን ያህል ጊዜ ሰጠሁ? ያከራዩኝ ሽማግሌ ብዙ ዓመት የተመላለሱበት ረዥም መንገድ፥ በመጨረሻ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ወዳለው ወደ ወንድማቸው ደጅ አደረሳቸው። ሁላችንም እንዲህ ያለ ቅርብ ሆኖ የራቀብን ደጅ አለን፤ ዕድገታችንም የሚለካው ወደዚያ ደጅ በምንራመደው እርምጃ ነው።