ግራ እጅ

ትንሿ ልጄ፣ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ «አባዬ፣ ስካውት ልግባ፤ ፈርምልኝ» ብላ ወረቀት ይዛ መጣች። እኔ ደግሞ ሰልፍና ፊሽካ አልወድም። በደርግ ጊዜ፣ በእሷ ዕድሜ፣ ትርጉሙን የማናውቀውን መፈክር በቀበሌ ሰልፍ ያስጮኹን ነበር። ስካውትንስ ቢሆን በ1907 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ቤደን ፓወል ጄኔራል አይደል? ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ሰነበተ።

ቅዳሜ አብረን ልናይ ሄድን። ልጆቹ ገመድ ይቋጥራሉ። አንዱ ሲሳሳት የጮኸበት የለም፤ ልጄ አጠገቡ ቁጭ ብላ አብራው ፈታች። (ወንድሟን እንዲህ ብትታገሠው!) ፈረምኩ።

ከወር በኋላ እናቴ ዘንድ ስንሄድ ግራ እጇን ዘረጋችላት። እናቴ እኔ ላይ አፈጠጠች፤ «ይኸን ነው የሚያስተምሯት?»

«የስካውት ሰላምታ ነው፣ እማማ፤ ልብ በግራ በኩል ስለሆነ» አለች ልጄ።

እናቴ ጥቂት አሰበች። ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሳታወጣ በግራዋ ጨበጠቻት።