እንግዳ መሣሪያ፦ ያገለገለ ራውተር ስለሚያሳየው የስም ዝርዝር

ራውተር በስልክ መስመር ወይም በፋይበር የሚመጣውን ኢንተርኔት ተቀብሎ በአንድ ቤት ወይም ግቢ ውስጥ ለሚገኙ ስልኮች፣ ኮምፒውተሮችና ቴሌቪዥኖች የሚያከፋፍል፣ ማን እንደገባ የሚመዘግብና ማን እንዳይገባ የሚከለክል መሣሪያ ነው። ሥራው ከዘበኛ ሥራ ብዙ አይለይም፤ በመሆኑም ያገለገለ ራውተር የሚገዛ ሰው ሌላ ጌታ ሲያገለግል የኖረ፣ የቀድሞውን ቤት ወዳጆችና ቁልፎች ገና ያልረሳ ዘበኛ በበሩ ላይ እያቆመ መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል። ገዢው መሣሪያውን ሰክቶ የተገናኙትን ዝርዝር ሲከፍት የማያውቃቸውን ስሞች ቢያይ መደንገጡ አያስገርምም፤ ነገር ግን ድንጋጤው ወደ ፍርድ ከመለወጡ በፊት እያንዳንዱ ስም ከየት እንደመጣ በቅደም ተከተል መመርመር አለበት፤ ምክንያቱም የራውተር ስሕተት በአንድ ምሽት ይታረማል፤ በጎረቤት ላይ የተነገረ የሐሰት ጥርጣሬ ግን ዓመት ቢቆይም ቂሙ አይለቅም።

ጉዳዩ በደብረ ብርሃን የራሱ ክብደት አለው። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያሏት በመሆኗ ብዙ ተማሪና ሠራተኛ ቤት ተከራይቶ የሚኖርባት ናት፤ ብዙ ተከራዮች ባሉበት ግቢ ደግሞ አንድ መስመር አስገብቶ ወርኃዊ ክፍያውን መጋራት ኪስን የሚያግዝ ብልሃት ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለረጅም ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ በመስመር የሚሠራ ዋይፋይ ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነና የይለፍ ቃሉን መስጠት እንዴት ያለ ውለታ እንደሆነ ነዋሪው በሚገባ ተረድቶታል። በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ የይለፍ ቃል ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ፣ “ማን ገባ?” የሚለው ጥያቄ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የጉርብትናም ጥያቄ ይሆናል።

የበር ጥበቃ ሥርዓት ለሰሜን ሸዋ አዲስ አይደለም። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ የሚመጣ መንገደኛ ወደ ደጋው ከመውጣቱ በፊት በይፋት ቆላ በምትገኘው ፋሬ ላይ ይቆም፣ መምጣቱም ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይነገር ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ መሪነት የመጣው የእንግሊዝ ልዑክም በፋሬ በኩል ነው ወደ ደጋው የወጣው፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወርም ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሟል። በፋሬ መቆም በራሱ ክስ አልነበረም፤ የመጣው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደተነሣና ማን እንደላከው እስኪታወቅ ድረስ የሚደረግ ቆይታ ነበር። በራውተር ዝርዝር ላይ የተገኘ ያልታወቀ ስምም በእነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ፊት መቆም አለበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ስሙ የማን ነው የሚለው፣ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ከገዛ ቤት ነው። እያንዳንዱ የኔትወርክ መሣሪያ ማክ አድራሻ የሚባል፣ ከቁጥሮችና ከላቲን ፊደላት የተውጣጣ ባለ 12 ምልክት መለያ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች አምራቹን የሚያመለክቱ ሲሆን ለአምራቾች የሚያድላቸውም አይ ትሪፕል ኢ የተባለው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር ነው። ይሁን እንጂ የሚጠቀሰው አምራች ቴሌቪዥኑን የሠራው ሳይሆን በውስጡ ያለውን የዋይፋይ ክፍል የሠራው ሊሆን ስለሚችል፣ የቤቱ ቴሌቪዥን በሙራታ ወይም በሆን ሃይ ስም ቢታይ ባለቤቱ ባዕድ ሰው የገባ ይመስለዋል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይ ኦ ኤስ 14 ወዲህ ደግሞ ስልኮች የተጠቃሚውን ምሥጢር ለመጠበቅ ሲሉ እውነተኛውን መለያቸውን ትተው በዘፈቀደ የተፈጠረ ማክ አድራሻ ለየዋይፋዩ ያቀርባሉ፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ስልክ የአድራሻ ምርጫው ሲቀየር እንደ ሁለት ሰው ሊታይ ይችላል። የአድራሻው ሁለተኛ ምልክት 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ መለያው በአብዛኛው እንዲህ ያለ የተፈጠረ መለያ ነው።

ይህን ለማጣራት የሚበጀው ሰዓት ቤተሰቡ ሁሉ የሚሰበሰብበት ምሽት ነው። አንድ ሰው ዝርዝሩን በወረቀት ላይ ይገለብጣል፤ ከዚያ የእያንዳንዱ ስልክ ዋይፋይ በተራ እየጠፋ፣ ዝርዝሩም እየታደሰ፣ የጠፋው ስም ከባለቤቱ ጋር ይመዘገባል። በመጨረሻ ባለቤት ያላገኘ አንድ ስም ሲቀር፣ ልጆች ሲጫወቱበት ቆይተው ቡፌ ላይ ቻርጅ ተሰክቶ የተረሳው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀው አሮጌ ስልክ ሆኖ መገኘቱ ብርቅ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ከየት መጣ የሚለው፣ ወደ ቀድሞው ባለቤት ይመራል። ዲ ኤች ሲ ፒ የሚባለው አሠራር ለገባ መሣሪያ ሁሉ አድራሻ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም ለ24 ሰዓት፣ የሚያከራይ ሲሆን፣ መሣሪያው ከሄደም በኋላ የኪራዩ መዝገብ ሊቆይ ይችላል፤ የቀድሞው ባለቤት ለኮምፒውተሩ ወይም ለማተሚያ መሣሪያው በቋሚነት የያዘው አድራሻማ ሆን ተብሎ እስኪሰረዝ ድረስ ተመዝግቦ ይኖራል። የዋይፋይ ሞገድ የሚደርሰው ጥቂት አሥር ሜትሮች ብቻ ስለሆነ፣ ራውተሩ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ የመጣ ከሆነ የሚታየው የቀድሞው ባለቤት መሣሪያ ስም የትናንት ጥላ እንጂ በሕይወት ያለ ግንኙነት አይደለም። ሻጩ የዚያው ሰፈር ሰው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይከተላል፤ ስልክ ቀድሞ የገባበትን ዋይፋይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስታውሶ በራሱ ስለሚገናኝ፣ ቅንብሩ ሳይቀየር የተሸጠ ራውተር የቀድሞውን ባለቤት ስልክ፣ ባለቤቱ ሳያውቀውና ሳያስበው፣ ከአዲሱ ገዢ መስመር ጋር ያገናኘዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ሌባ ማለት ትልቅ በደል ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማን ላከው፣ ማለትም ከጀርባው ክፉ እጅ አለ ወይ የሚለው፣ እውነተኛው አደጋ ያለበት ነው፤ አደጋው ግን ብዙ ጊዜ በስም ዝርዝሩ ላይ አይታይም። የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው ዲ ኤን ኤስ የሚባለው ቅንብር በክፉ እጅ ተቀይሮ ከሆነ የባንኩን ድረ ገጽ የሚፈልገውን ሰው ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራው ይችላል፤ ራውተሩን ከውጭ ሆኖ ለማዘዝ የሚያስችለው በርም ክፍት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. ቪ ፒ ኤን ፊልተር የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን በክሎ ሲገኝ፣ አንደኛው ክፍሉ መሣሪያው ጠፍቶ ሲበራ የማይጠፋ ስለነበር ባለሙያዎች ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስን መክረዋል።

መፍትሔውም ከዚሁ ይጀምራል። ገዢው በቅድሚያ የመስመሩን መለያ ስምና የይለፍ ቃል ከአገልግሎት ሰጪው ያገኛል፤ ይህን ሳይዝ ራውተሩን ሪሴት ያደረገ፣ ማለትም ወደ ፋብሪካ ቅንብር የመለሰ ሰው መስመሩን መልሶ ለማስነሳት ይቸገራልና። ከዚያም ራውተሩን ከመስመሩ ጋር ከማገናኘቱ በፊት ሪሴት የሚለውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ወይም በሽቦ ጫፍ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ የቀድሞውን ትዝታ ያጠፋል፤ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል፣ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል በአዲስ ይተካል፤ ጥበቃውን ዳብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም 3 በሚባለው የምስጠራ ዘዴ ላይ ያደርጋል፤ በአጭር ቁጥር ለመገናኘት የሚያስችለውንና በ2011 እ.ኤ.አ. ደካማነቱ የተጋለጠውን ዳብልዩ ፒ ኤስ ያጠፋል፤ የመሣሪያውን ውስጣዊ ፕሮግራም ከአምራቹ ገጽ ያድሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ባለቤቱ ያልታወቀ ስም ተመልሶ ከመጣ፣ ያን ጊዜ ጥያቄው በእርግጥ ጥያቄ ነው።

ኃላፊነቱ ግን በገዢው ላይ ብቻ አይወድቅም። ኢሴት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት 18 ያገለገሉ የድርጅት ራውተሮችን ገዝቶ ሲመረምር፣ ሊመረመሩ ከቻሉት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቀድሞ ባለቤቶቻቸውን ምሥጢር እንደያዙ ተገኝተዋል። በኢትዮጵያም ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር ወይም ኔትወርክ መግባትን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚከለክል ሲሆን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ መጠበቅ በሕግ የሚገባ ነገር መሆኑን ደንግጓል። ይሁንና ሻጭ የራውተሩን ትዝታ አጥፍቶ ለመስጠት አዋጅ ሊጠብቅ አይገባውም፤ ቤት የሚለቅ ተከራይ ቁልፍ እንደሚመልስ ሁሉ፣ ዕቃ የሚሸጥም ትዝታውን ይዞ መውጣት አለበት።

“ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለው ብሂል እውነት አለው፤ ጥርጣሬ ግን ከመሣሪያው ይጀምርና ወደ ሰው የሚሄደው ማስረጃ ሲመራው ብቻ ነው። አማርኛ ባዕዱንም በክብር የተጋበዘውንም በአንድ ቃል እንግዳ ይላቸዋል፤ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በደጅ ቆሞ እስኪጠየቅ ድረስ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይታወቅምና። ብዙ ራውተሮችም ለእንግዳ የተለየ ኔትወርክ መክፈት ስለሚችሉ፣ የቤቱ ኮምፒውተርና ሰነድ በጓዳ ተጠብቆ፣ ጎረቤቱና ተከራዩ ግን በሳሎኑ ሊስተናገዱ ይችላሉ። በሩን በዚህ ሥርዓት የሚጠብቅ ቤት ጎረቤቱን ሳያስቀይም ንብረቱን ይጠብቃል።