መሮ ለ11ኛ ክፍል
ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ሲቃጠል ሁላችንም አዘንን። ያን የመሰለ የእንጨት ሥራ መልሶ የሚገጥም አናጺ ከየት ይመጣል ያለ ግን ጥቂት ነው።

ኒውዮርክ ውስጥ በስቲቨን ማዘር ስም የተሰየመ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ልጆቹ ከሒሳቡና ከታሪኩ ጎን የቆዩ ሕንፃዎችን ጥገና፣ አናጺነትንም ጭምር ይማራሉ። ቀናሁ!

የአሮጌ መስኮት ጥገና ትዕግሥት ይጠይቃል። የበሰበሰችውን ጥግ ብቻ በመሮ አንስተህ፣ በዚያው ዓይነት እንጨት፣ መስመሩን ጠብቀህ ትተካለህ፤ ጤነኛውን አትነካም። ስንጥር የምታህል ክፍተት ከተውክ ክረምት ዝናቡ ይገባባታል። ጂኦሜትሪ ምን ያደርጋል ለሚል ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

እኛ ጋ «ትምህርት እምቢ ካለው አናጺ ይሁን» ይባላል፤ ያናድደኛል። ፒያሳ ከቀሩት የእንጨት በረንዳዎች ሥር ተማሪዎቹን ይዞ የሚሄድ መምህር ካለ፣ መላጊያውን እኔ እችላለሁ።