ሲላላ

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «አለ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሰውዬው መናገሩ ይሁን መኖሩ የሚለየው አንባቢው አፍ ላይ ነው። ሞያሌ ላይ የአማርኛ ጽሑፍና ቁቤ፣ የኦሮምኛው ጽሑፍ፣ ጎን ለጎን ስለሚታይ ልዩነቱ በዓይን ይገባል። ቁቤ የጠበቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። በኦሮምኛ «ባዳ» ላልቶ መጥፎ፣ ጠብቆ ደጋ ነው። 

ክራር መቺ ደግሞ «ላላ» ሲል ስለ ክሩ ነው። ያም ቢሆን ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም፤ ሁለት ድምፆች በግማሽ ድምፅ ሲላሉ ሙሉው ትዝታ ግማሽ ትዝታ ይሆናል፣ ሐዘኑም ይበረታል።

እኔን የሚያስፈራኝ የጤና ባለሙያው «ላላ» ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ትናንት ሲሮጥ ውሎ ዛሬ እግሩ ወይም እጁ ከዛለ፣ ወድቆ ነው ተብሎ አይታለፍም። ፖሊዮ ሊሆን ይችላልና በ14 ቀን ውስጥ፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት፣ ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰድለታል። ናሙናው ቅዝቃዜው ሳይለቀው ከሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ይገባል። ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም። ቫይረሱ ከያዛቸው 200 ልጆች እግሩ የሚሰልለው አንዱ ገደማ ነው፤ ከቀሩት አብዛኞቹ ምንም ሳይመስሉ ያዛምቱታል።

ሞያሌ ደግሞ ግማሿ ኬንያ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ቤተሰቡ ከነከብቱ ይነሳል፤ በ1907 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመውን የድንበር ውል ለግመል ያነበበለት የለም። ቫይረሱም እንደዚያው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ሶማሊያን፣ ኬንያንና የእኛን ሶማሌ ክልል ባንድ ዓመት አዳርሷል። ስለዚህ በዚህ አገር የበሽታ ቅኝት ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ወሬው ያለው ከብት ውሃ የሚጠጣበት ኤላ ዳር፣ ገበያው ውስጥ፣ ወጌሻው ደጃፍ ነው። ልጁን ቀድሞ የሚያየው ሐኪም ሳይሆን እረኛው ነው።

ሞያሌም ሜጋም ነገሌም ያላችሁ፦ ድንገት እግሩ ወይም እጁ የላላ ልጅ ካያችሁ በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ። ወጌሻ ቢያሸውም ንገሩ። ቤተሰቡ ነገ ድንበር የሚሻገር ከሆነማ ዛሬውኑ፣ ወዴት እንደሚሄዱም ጨምራችሁ።